ልጆቻችንን «ከየት አመጣኸው?» እንበላቸው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከጎንደር ነው። ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው፣ ሱቄ አራዳ ገበያ አጠገብ፣ ቤቴ ማራኪ። መምህር አይደለሁም። ግን ማታ ማታ ሱቄ ውስጥ ልጆች ይሰበሰባሉ፤ የኔዋ አራተኛ ክፍል ናት፣ የጎረቤትም ልጆች አሉ፣ እኔ ስሰፋ እነሱ የቤት ሥራቸውን ይሠራሉ። ሁለት ዓመት እንዲህ ስናመሽ ስለ ሒሳብ ያየሁት ነገር አለ። ዝም ብዬ ልተወው አልቻልኩም።

ነገሩ የጀመረው በልጄ ደብተር ነው። አንድ ቀን ጨርቅ የማስቀምጥበት መደርደሪያ ሥር ደብቃው አገኘሁት። አምስት ጥያቄ፣ አምስት ኤክስ፣ በቀይ እስክሪብቶ። ከኤክሱ በቀር አንዲት ቃል የለችበትም። የመጀመሪያው ጥያቄ 503 ሲቀነስ 267 ይላል። እሷ 364 ብላለች።

እውነቱን ለመናገር ልቆጣ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሲደክም የዋለ ሰው ማታ ላይ አምስት ኤክስ ሲያይ ደሙ ይፈላል። ግን አያቴ ትዝ አሉኝ (የሳቸውን ነገር ቆይቼ እነግራችኋለሁ) እና «ይሄን 364 ከየት አመጣሽው?» አልኳት።

«ከ3 ላይ 7 አይቀነስም አባዬ፣ ስለዚህ ከ7 ላይ 3 ስቀንስ 4። ከ0 ላይ 6 አይቀነስም፣ ስለዚህ ከ6 ላይ 0 ስቀንስ 6። ከ5 ላይ 2፣ 3።»

ሌሎቹንም አራቱን ጠየቅኳት። በሁሉም ላይ ያደረገችው ይህንኑ ነው፤ ከላይ ያለው አነስ ካለ ገልብጣ ትቀንሳለች። ልጅቷ ሰነፍ አልነበረችም፣ በግምትም አልጻፈችም። አንድ ሕግ ይዛለች፣ በዚያ ሕግ አምስቱንም በትክክል ሠርታለች። ሕጉ ነው የተሳሳተው። አምስት ኤክስ የተደረገባት ለአንድ ስህተት ነው፣ ያንን አንዱን ስህተት ደግሞ ማንም አላሳያትም።

ጠረጴዛው ላይ ለሱሪ የተዘረጋ ጥቁር ጨርቅ ነበር። ጠመኔ ይዣለሁ። እዚያው ጨርቁ ላይ ጻፍኩት። ከዚያ መሳቢያዬን ከፍቼ አምስት ባለ መቶ ኖትና ሦስት ባለ አንድ ብር ሳንቲም አወጣሁ። «ይኸው 503 ብር። በይ 267 ብር ስጪኝ» አልኳት። ሁለት መቶውን ወዲያው ሰጠችኝ። ከዚያ 67ቱን ፈለገች፣ በእጇ ያሉትን ገለበጠቻቸው፣ አየችኝና «ዝርዝር የለኝም እኮ» አለች።

«ታዲያ ዘርዝሪያ!»

ሁለት መቶውን መለስኩላትና እንደገና ጀመርን። አንዱን መቶ በአስር ባለ አስር ዘረዘረችው። አሁን 4 መቶ፣ 10 አስር፣ 3 አንድ ሆነ። አንዱን አስር ደግሞ በሳንቲም ዘረዘረችው፤ 4 መቶ፣ 9 አስር፣ 13 አንድ። እዚህ ላይ አስቆምኳትና ገንዘቡን በሙሉ አስቆጠርኳት። አሁንም 503 ነው። ይህችን ቆጠራ አትዝለሉ፣ ምክንያቱም ብዙ ልጅ የሚጠፋበት ቦታ ይሄ ነው፤ 5ቱ ተሰርዞ 4 ሲሆን፣ 0ው ተሰርዞ 9 ሲሆን፣ ቁጥሩ የተለወጠ ይመስለዋል፣ አንድ ጊዜ ቆጥሮ ካየው ግን ያው ገንዘብ በሌላ ዝርዝር እንደሆነ ይገባዋል። ከዚያ ወዲያ ቀላል ነው። ከ13 ላይ 7፣ 6። ከ9 ላይ 6፣ 3። ከ4 ላይ 2፣ 2። 236።

«ልክ መሆኑን በምን አወቅሽ?» አልኳት። መልሳ ደመረችው። 6 እና 7፣ 13፤ 3 ጽፋ 1 በእጅ። 3 እና 6፣ 9፣ በእጅ ያለው ሲጨመር 10፤ 0 ጽፋ 1 በእጅ። 2 እና 2፣ 4፣ ከ1 ጋር 5። 503። አምስቱንም ጥያቄ በዚያች ማታ ሠርታ ጨረሰች።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ልበል። ትምህርት ቤት «ከጎረቤት ተበደር» ነው የሚባለው። እኔም የተማርኩት እንዲያ ነው። ግን ብድር የሚመለስ ነገር ነው። አንዱ የጎረቤት ልጅ «ጋሼ፣ የተበደርነውን መቼ ነው የምንመልሰው?» ብሎ ጠይቆኛል፣ ጥያቄው ትክክል ነው። ጎረቤቱ 0 ከሆነስ? ከሌለው ሰው እንዴት ይበደራል? መዘርዘር ካልነው ግን ሚኒባስ የተሳፈረ፣ ሱቅ የተላከ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ አስር ከሌለህ ወደ መቶው ሄደህ ትዘረዝራለህ። ቃሉ ቤታችን እያለ ለምን በብድር እንደምናደናግራቸው አይገባኝም።

አሁን ወደ አያቴ ልመለስ። አያቴ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበሩ። ጎንደር ማለት መቼም የአቋቋም (የቤተ ክርስቲያን ዜማና ዝማሜ ትምህርት) አገር ነው፣ የአቋቋም ትምህርት ቤቱ በአታ ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢዎቻችሁ አልነግርም። እኔ ከሳቸው ዜማውን አልተማርኩም፣ ባሕረ ሐሳብን፣ የዘመንና የበዓላት ስሌቱን፣ ግን በረንዳ ላይ ተቀምጠው አስተምረውኛል። በቃል ነበር፣ አንዳንዴ በጠጠር። «የዘመን መለወጫ በምን ቀን ይውላል?» ይሉኛል። ከጎረቤት ሰምቼ «ሐሙስ» ብል አይቀበሉኝም። «ከየት አመጣኸው?» ነው የሚሉት። መንገዱን ካልተናገርኩ መልሱ የኔ አይደለም።

የ2018ን እንሥራው። ቤተ ክርስቲያን ከፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት የምትቆጥረው 5500 ዓመት ላይ 2018 ሲደመር ዓመተ ዓለም 7518 ነው። ይሄን ለ4 እናካፍላለን። 7 ለ4 ሲካፈል 1 ደርሶ 3 ይቀራል። ቀጣዩን 5 አጠገቡ ስናወርደው 35፤ ለ4 ሲካፈል 8 ደርሶ 3 ይቀራል። 1ን ስናወርድ 31፤ 7 ደርሶ 3 ይቀራል። 8ን ስናወርድ 38፤ 9 ደርሶ 2 ይቀራል። ድርሻው 1879፣ ቀሪው 2። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ ነው፤ ስለዚህ ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ። ከዚያ 7518 ላይ ያንን 1879 እንደምራለን፣ 9397። ለ7 ሲካፈል 1342 ጊዜ ደርሶ 3 ይቀራል። 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ። መስከረም 1 ቀን 2018 ሐሙስ ነበር፣ ሁላችንም ውለንበታል።

ከዚህ ሁሉ ግን እኔን የሚደንቀኝ የአበቅቴና የመጥቅዕ ነገር ነው፤ የበዓላትና የአጾማት ቀን የሚሰላባቸው ሁለት ቁጥሮች ናቸው። 7518 ለ19 ሲካፈል 13 ይቀራል፣ አንድ ሲቀነስ 12፣ ይሄ ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ሲባዛ 132፣ ለ30 ሲካፈል 12 ይቀራል፤ አበቅቴ። ወንበሩ በ19 ሲባዛ 228፣ ለ30 ሲካፈል 18 ይቀራል፤ መጥቅዕ። አሁን 12 እና 18ን ደምሯቸው። 30። ሁልጊዜ 30 ነው የሚመጣው። 30 ካልመጣ የሆነ ቦታ ተሳስተሃል ማለት ነው፣ ተመልሰህ ትፈልገዋለህ። አያቴ መልሱን አይነግሩኝም ነበር፤ «30 አልሞላም» ብቻ ይሉኝና ዝም። የስህተቱን ቦታ ራሴ ፈልጌ እስካገኘው ይጠብቁኛል። ስንት መቶ ዓመት በፊት የነበሩ ሊቃውንት ሒሳቡን ሲሠሩት ማመሳከሪያውንም አብረው አስቀመጡልን። ይሄን የሚያውቅ ሕዝብ ዛሬ ልጁን በኤክስ ብቻ ሲያስተምር ያሳዝነኛል።

የማካፈል ነገር ከተነሳ አይቀር፣ ልጆች በጣም የሚሳሳቱበት አንድ ቦታ አለ። 618 ለ6። በርካታ ልጅ 13 ይላል። 6 ለ6፣ 1። 1ን አወረደ፣ 1 ለ6 አይደርስም ብሎ ዝም አለ፣ 8ን ጨመረ፣ 18 ለ6፣ 3። ያ «አይደርስም» ያለው ቦታ ላይ 0 መጻፍ ነበረበት። መልሱ 103 ነው። እኔ እንዲህ እላቸዋለሁ፤ ሳትጀምሩ በፊት በዓይናችሁ ለኩት። 600 ለ6 መቶ ነው፣ ታዲያ 618 እንዴት 13 ይሆናል? ጨርቅም ስቆርጥ መቀሱን ከማንሳቴ በፊት በዓይኔ እለካለሁ።

የ0 ጉዳይ ለኛ ልጆች ለየት ይላል ብዬም አስባለሁ። በግዕዝ አኃዝ 0 የለም። 103 ሲጻፍ ፻፫ ነው፣ መቶና ሦስት፤ መሐሉ ላይ ቦታ የሚጠብቅ ነገር አያስፈልገውም። 503ም ፭፻፫ ነው። ስንናገርም «አምስት መቶ ሦስት» እንላለን፣ 0ዋን አንጠራትም። ልጁ የማይጠራትን ነገር ቢረሳት ምን ይገርማል? 13ን እና 103ን በግዕዝም በዚህኛውም ጎን ለጎን አጽፉት፣ 0 ምን ሥራ እንደያዘች በደቂቃ ይገባዋል።

ክፍልፋይ ላይ ደግሞ ሜትሬን አመሰግናለሁ። አንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ 1/2 ሲደመር 1/4 ብሎ 2/6 ጻፈ። ላዕሉን (የላይኛውን ቁጥር) ከላዕል፣ ታህቱን (የታችኛውን) ከታህት ደመረ። ሜትሩን ሰጠሁት። «ግማሽ ሜትር አሳየኝ።» 50 ላይ ጣቱን አደረገ። «ሩብ ጨምርበት።» 75 ላይ ደረሰ። «አሁን ያንተን 2/6 አሳየኝ።» ትንሽ ቆየ። 2/6 ሲሶ ነው፣ ሲሶ ደግሞ 33 ሳንቲሜትር ገደማ። ጣቱ ከግማሹም ወደ ኋላ ተመለሰ። ግማሽ ሜትር ላይ ጨምሮ ከግማሽ ሜትር ያነሰ ጨርቅ ማግኘት እንደማይቻል እኔ ሳልናገር ሳቀና ደብተሩን ሳበ። ግማሹን ሁለት ሩብ አደረገው፣ ሁለት ሩብና አንድ ሩብ፣ ሦስት ሩብ። 3/4። ገጠር ያሉ አዛውንቶቻችን ፊደል ባይቆጥሩም የእኩልንና የሲሶን ነገር ማንም አያታልላቸውም። ልጆቹ ግን 3 ከ2 ይበልጣል ብለው 1/3 ከ1/2 ይበልጣል ይላሉ። ልጁ እጅ ላይ ካለ ነገር ጋር ካላገናኘነው ቁጥሩ ብቻውን ይቀራል።

ለነገሩ ታህት ይመሳሰል የሚባለው ሌላ ነገር አይደለም፣ በአንድ ልክ እንነጋገር ማለት ነው። አንድ ጊዜ ጎንደር ከተቆረቆረች ስንት ዓመቷ ነው ተባብለን ሁለት ልጆች ተከራከሩ። አንዱ መጽሐፍ ላይ 1636 የሚል አይቷል፣ ከ2018 ላይ ቀነሰና 382 አለ። ስሌቱ ልክ ነው። ግን 1636 የፈረንጆቹ ነው፣ 2018 የኛ። ሜትርን ከኪሎ ላይ እንደመቀነስ ነው። 1636 በኛ 1628 ገደማ ይሆናል፤ ከ2018 ላይ 1628 ሲቀነስ 390። ፋሲል ግቢን በየቀኑ እያዩ የሚያልፉ ልጆች ናቸው፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ስትሰጧቸው ዓይናቸው ይበራል።

ቀሪ ሲመጣም እንዲሁ። 17 ሜትር ጨርቅ አለኝ፣ ለአንድ ቀሚስ 3 ሜትር ይፈጃል፤ 5 ቀሚስ ይወጣል፣ 2 ሜትር ይተርፋል። 40 ተማሪ 12 ሰው በሚይዝ ሚኒባስ ደባርቅ ቢሄድ ግን 3 ደርሶ 4 ይቀራል፣ መልሱ 4 መኪና ነው፤ 3 ካልን አራት ልጅ መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። ስሌቱ ያው ነው፣ ቀሪው የሚለው ግን የተለያየ ነው። ይሄን የሒሳብ ማሽን (ካልኩሌተር) አይነግርህም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። የልጄ ትምህርት ቤት ፈተናው በሙሉ ምርጫ ነው፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። ሳይሠራ የከበበም ከአራት አንዴ ያገኛል። የሠራ ልጅ ደግሞ አምስት መስመር በትክክል ሄዶ መጨረሻ ላይ 7 በ8 54 ቢል፣ ምንም እንዳልሠራው ልጅ ዜሮ ያገኛል። መምህራኑን አልወቅስም፣ አንድ ክፍል ውስጥ ከ60 በላይ ልጅ ይዘው ያንን ሁሉ ደብተር ማረም ቀላል አይደለም። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኤክሱን የመጨረሻው መልስ ላይ ከምታደርጉት የተሳሳተው መስመር ላይ አድርጉት። እስከዚያ ድረስ ላለው ደግሞ ራይት ስጡት። ልጁ የት እንደሳተ ያያል፣ የት ድረስ ጎበዝ እንደሆነም ያያል። ሁሉንም ደብተር ባይቻል በሳምንት አንድ ጥያቄ ይበቃል።

አስጠኚዎችም አላችሁ። ገንዘብ ተከፍሎህ የልጁን የቤት ሥራ አንተ ከሠራህለት ልጁን አስጠናኸው አይባልም። ስልክም መጥቷል። ጥያቄውን ፎቶ ያነሳሉ፣ ስልኩ እስከነደረጃው ቁልጭ አድርጎ ይሠራዋል፣ እነሱ ይገለብጡታል። ደብተሩ ያምራል። እኔ ስልኩን አልከለክልም፣ አይተው ሲጨርሱ ግን ስልኩን ተቀብዬ ከጥያቄው አንድ ቁጥር እለውጣለሁ፤ 503 የነበረውን 603 አደርገዋለሁ። ገብቶት ያየ ልጅ ይሠራዋል፣ የገለበጠው ይቆማል። ወላጆች ይሄን ለማድረግ መማር አያስፈልገንም። ሒሳብ የማያውቅ ወላጅም «ከየት አመጣኸው?» ማለት ይችላል፣ ልጁ ሲያስረዳ አፉ የሚያዝበትን ቦታ ጆሮ ያለው ሁሉ ይሰማዋል። «ደደብ» የሚለውን ቃል ግን እባካችሁ ከቤታችሁ አውጡት።

በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ናቸው ሲባል ሱቅ ውስጥ ራዲዮ እየሰማን ነበር። በዓመቱ ደግሞ 3.2 ተባለ። አንዲት ልጅ «ነጥብ ሦስት ሰው እንዴት ያልፋል?» አለችኝ። ከመቶ ሰው አስበሽው ነው፣ ከሺህ አስቢው አልኳት፤ ከሺህ 33። እሷ ገባትና ዝም አለች፣ እኔም ዝም አልኩ። የዚያ ውጤት ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ሁሉንም አላውቅም። ግን ከነዚያ ልጆች ስንቶቹ አራተኛ ክፍል እያሉ ገልብጠው ሲቀንሱ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው አልፈው እንደሄዱ አስባለሁ። አራተኛ ክፍል ያልተፈታ ቋጠሮ ሰባተኛ ክፍል ሲደርሱ በእንግሊዝኛ ይጠብቃቸዋል፤ የእህቴ ልጅ ላዕልና ታህትን ጥርት አድርጎ እያወቀ ስማቸው ሲለወጥበት አንድ ወሰነ ትምህርት ሙሉ ተደናግሯል።

ስለዚህ ከእናንተ የምፈልገው ይሄ ነው። ለስፖርት ገጽ አላችሁ፣ ለዕንቆቅልሽም ቦታ አይጠፋም። በሳምንት አንድ የሒሳብ ጥያቄ፣ በአማርኛ፣ እስከነመስመሩ አትሙልን። መልሱ እንዲሞላ ሳይሆን አንዱ መስመር ሆን ተብሎ ተሳስቶ፣ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር የሳተውን መስመር እንዲፈልጉ። የመጀመሪያውን እኔ አዘጋጅቻለሁ፣ ከሱቄ የወጣ ነው።

አንዲት እናት 2 ሜትር ከሩብ ጨርቅ ገዙ። የአንዱ ሜትር ዋጋ 320 ብር ነው። 1000 ብር ሰጡ። ስንት ይመለስላቸዋል? ልጁ እንዲህ ሠራው፦

መስመር 1፦ 2 × 320 = 640
መስመር 2፦ ሩብ ሜትር 25 ሳንቲሜትር ነው፣ ስለዚህ 25 ብር
መስመር 3፦ 640 + 25 = 665
መስመር 4፦ 1000 − 665 = 335

ልጁ የሳተው የትኛው መስመር ላይ ነው? ከዚያ በኋላ ያሉት መስመሮችስ ስህተት ናቸው ወይስ ልክ? እናትየው 335 ብር ቢቀበሉ የሚከስረው ማነው፣ በስንት ብር? ይሄን ብታትሙልኝ ሱቅ ያሉት ልጆች ጋዜጣው እስኪመጣ ይጠብቃሉ፣ መልሱን አልነገርኳቸውም።

አክባሪያችሁ
ልብስ ሰፊው፣ ከጎንደር